ባለ ቆርቆሮው ሽንት ቤቴ

ሰው በልዩ ልዩ ነገር ይታወቃል። አንዱ በጀግንነቱ፣ አንዱ በሀብቱ፣ አንዱ በዘሩ። እኔ ዲላ ከተማ ውስጥ የታወቅሁት በሽንት ቤቴ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ። ሲሳቅብኝ ቆሞ መጠበቅን ድሮ ለምጄዋለሁ።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነበር። እኔ ከቡልጋ መጥቼ ዲላ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ጨው፣ መርፌ፣ አቡጀዲና ላምባ እሸጣለሁ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ሣር ቤት ከባለቤቴ ከጥሩነሽና ከአራት ዓመቷ ልጃችን ከብርቄ ጋር እንኖራለን። ከተማዋ ያን ጊዜ እድገት ላይ ነበረች። ትናንት እንሰት የነበረበት ዛሬ ቤት፣ ትናንት ቤት የነበረበት ዛሬ ሦስት ቤት ይሆናል። የካሚዮን መንገድ ከተቆረጠ ወዲህ ሹፌሩ፣ ወዛደሩ፣ ነጋዴው፣ ጠላ ሻጯ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውም ሁሉ ግድግዳውን ከግድግዳችን ጋር አጣብቆ ተቀመጠ። የጎረቤቴ ጣሪያ ጠፈጠፍ የሚወርደው እኔ በር ላይ ነው። ሰውዬው እቤቱ ሆኖ ሲያስነጥስ እኔ እቤቴ ሆኜ "ይማርህ" እለዋለሁ፤ እሱም "ያኑርህ" ይለኛል። ሲያስል ግን ምርቃትም አያግደው፤ ሳሉ በሳምንቱ እኛ ቤት ይገባል።

ይህ ሁሉ ታዲያ ያኮራኝ ነበር። ከተሜ ነኛ! ከዱመርሶ ቡና ይዘው የሚመጡትን ገበሬዎች ሳይ ከንፈሬን እመጥጥላቸው ነበር። ቤታቸው በእንሰትና በቡና መሀል እዚህና እዚያ የተበታተነ ነው። "ምስኪኖች፣ የሚያስነጥስ ጎረቤት እንኳ የላቸው" እላለሁ። እነዚያ ምስኪኖች አንድም ቀን ሲያስሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ይህን ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የገጠር ሰው ሲቸግረው ወደ እንሰቱ ዘወር ይላል፤ እንሰቱም የሰጡትን በደስታ ይቀበላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የከተማ ሰው ግን ወዴት ይዙር? ጓሮ ይላል። በከተማ የአንዱ ጓሮ የሌላው ደጃፍ ነው። አንድ ጠዋት ከአጥሬ ጀርባ እንደተቀመጥኩ ከወዲያ ማዶ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጫለሁ። ያውም የልጄ የክርስትና አባት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ስንገናኝ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን።

በዚህ መሀል አንድ የገበያ ቀን አዋጅ ተነገረ። ዶቶሬው እያልን የምንጠራው የጣሊያን የጤና ሹም በየቤቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንት ቤት እንዲሠራ አዟል ተባለ። ሰፈራችን ተሸበረ። "ጉድጓዱ ለእኛው መቀበሪያ ነው" ያለ አለ። "ስንቴ እንደምንወጣ ሊቆጥረን ነው" ያለም አለ። የብርቄ የክርስትና አባት ደግሞ፣ "አገሬን ወሰደ፣ ጠመንጃዬን ወሰደ፣ ይህቺን እንኳ በፈለግሁበት እንዳላደርግ ሊከለክለኝ?" ብሎ ደሙ ፈላ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ እምቢ የማይል የለም። እኔ ዶቶሬው ራሱ የሌለው ዓይነት ሽንት ቤት ሠርቼ አፉን ላስይዘው ቆረጥኩ። ከታዘዘው በላይ የሠራ ሰው ታዘዘ አይባልም፤ ይህ የራሴ ፍልስፍና ነበር። አርበኛው በየጫካው በጠመንጃው፣ እኔ በጓሮዬ በአካፋዬ!

ከቤቴ ጀርባ አንዲት ጉብታ አለች። ከገበያውም ከካሚዮኑ መንገድም ትታያለች። እንዲህ ያለውን ሥራ ጉድባ ውስጥ መደበቅ ነውር ስለሆነ እሷን መረጥኩ። ከጉብታዋ ግርጌ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ምንጭ አለ። ምንጯን አላየኋትም አልልም፤ አይቻታለሁ። ግን ያን ቀን ዓይኔ ላይ ያለው ሽንት ቤቱ ነበር።

ለቁፋሮ ያመጣኋቸው አያ ጅግሶን ነው። አያ ጅግሶ ጌዴኦ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰፈራችን ከተማ ሳይሆን በፊት እንሰት የተከሉበት፣ ቆጮ የሚብላላበትን ጉድጓድ በመቆፈር የሚስተካከላቸው ያልነበረ ሽማግሌ። ያን ጊዜ "አንተ" እላቸው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ዶማቸውን ተደግፈው ጉብታዋን አዩ፣ ምንጯን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ።

"ጌታው፣ እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

"ምንጭ ታች አለ።"

"ታች ካለች ምን ቸገረህ? እኔ ላይ ነኝ።"

"እኛ ቆጮ ጉድጓድ ከምንጭ በላይ አይቆፍርም። ውሃ እግር አላት፣ ዓይን የላትም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዛ ትወርዳለች።"

"አያ ጅግሶ፣ ይህ እኮ ቆጮ አይደለም። ይህ ሥልጣኔ ነው!"

አያ ጅግሶ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ እንትፍ አሉና ዶማቸውን አነሡ። "እሺ፣ ሥልጣኔ ይቆፈራል" አሉ።

ጉድጓዱ አለቀ። ግድግዳው በጭቃ ተለሰነ፣ በአመድ ውሃ ተቀባ። ጣሪያውን ባዶ የላምባ ቆርቆሮዎች ቀጥቅጬና ዘርግቼ አለበስኩት። ፀሐይ ሲወጣ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ከገበያው ማዶ ያለ ሰው ዓይኑን በእጁ ከልሎ ነው የሚያየው። ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ አንዴ የቤታችንን ሣር፣ አንዴ ያንን ቆርቆሮ አየች።

"እኛ ሣር ለብሰን እሱ ቆርቆሮ ይልበስ? አንቱ፣ በጤናዎ ነው?"

"የእኛን ቤት ማን ያየዋል?" አልኳት።

በር ገጠምኩለት። ለበሩ ቁልፍ አበጀሁለት። ቁልፉን ከማተቤ ጎን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ሰው ከየአቅጣጫው ሊያየው ይጎርፍ ጀመር። የሰፈራችን ቄስ ደጃፉ ላይ ቆመው "ጫማ ይወለቃል?" ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሙሽራ ለጫጉላው ሦስት ቀን እንዳውሰው ሽማግሌ ላከብኝ። እኔ ራሴ እንዳይቆሽሽብኝ ሳስቼለት ለሁለት ሳምንት እንደ ድሮዬ ወደ አጥሬ ጀርባ እሄድ ነበር።

ዶቶሬውም መጣ። ሽንት ቤቱን ዞሮ አየው፣ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፣ "ቤሊሲማ!" አለ። አስተርጓሚው፣ "እንዲህ ያለ ላትሪና በዚህ አገር አላየሁም ይላል" አለኝና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ጠላት ሲያመሰግን ደስ ማለቱ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ደስ ማለቱን ግን ደስ ብሎኛል፤ ምን ላድርግ? ለአገሬ ክብር ስል ወረቀቱን የሰቀልኩት እዚያው ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ለሕዝብ ከፈትኩ። በገበያ ቀን ሰው ይሰለፋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን "እንደ ቤትዎ" እላለሁ፤ የሚወጣውን "እንዴት አገኙት?" እላለሁ። ሰርግ እንኳ ደግሼ ያን ያህል ምርቃት አላገኘሁም።

ክረምቱ ገባ። ከክረምቱ ጋር የሆድ ነገር ገባ። መጀመሪያ ከታች ያሉት ሁለት ሕፃናት ታመሙ፤ ከዚያ የጎረቤቴ ልጆች፤ ከዚያ የእኔዋ ብርቄ። ቁርጠት ነው፣ ተቅማጥ ነው፣ ትውከት ነው። ያቺ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ጨው ላይ እየተቀመጠች በወሬ የምታደክመኝ ልጅ ድምፅዋ ጠፋ። እጇን ስይዘው ክብደት የለውም። ፈራሁ። ዛሬ ብቀልድበትም፣ ያን ሰሞን እንደፈራሁት ያለ በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም።

ሰፈሩ ምክንያት ፈለገ። ቡዳ ነው ተባለ፣ የካሚዮን ጭስ ነው ተባለ። እኔ በበኩሌ ሽንት ቤት ያልሠሩትን አወገዝኩ፤ "ሥልጣኔ አልቀበልም ያለ ሰው ያስጨርሰናል!" እያልኩ ሱቄ በር ላይ እሰብካለሁ። ጥሩነሽ ፌጦ በሎሚ እየበጠበጠች ለብርቄ ታጠጣለች። የምትበጠብጠው በዚያችው ምንጭ ውሃ ነው። ልጅቷ በጠጣች ቁጥር ይብስባታል፤ በባሰባት ቁጥር እንጨምርላታለን።

በዚህ ጭንቅ መሀል፣ አንድ ከይርጋ ጨፌ የመጣ ቡና ነጋዴ ሽንት ቤቴን ጎብኝቶ ወጣ።

"እንዴት አገኙት?" አልኩት።

"ሁሉም መልካም ነው፤ ብቻ ዝንብ አለው።"

ዝንብ! የእኔ ሽንት ቤት ዝንብ! ልጄ ታማ፣ ሱቄ ተዘግቶ፣ እንቅልፍ አጥቼ የቆምኩ ሰው፣ ያ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ በዝንብ ተናደድኩ። ከሱቄ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ላምባ አምጥቼ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩት። ቀና ስል አያ ጅግሶ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በመንገዱ ሲያልፉ ተያየን። "ዝንብ ነው" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምንጯ ዘንድ ጩኸት ተሰማ። ሴቶቹ እንስራቸውን ጥለው አፍንጫቸውን ይዘዋል። ውሃው ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ መንገዱ ዳር አየ፤ እዚያ የጣሊያኖቹ የካሚዮን ጋራዥ አለ።

"መረዙን!" አለ የክርስትናው አባት።

ይህን ስሰማ ውስጤ የነበረው ወኔ ተነሣ። ለካ የልጄ በሽታ ይህ ነው! ለካ የካሚዮን ቆሻሻ እያጠጡ ሊፈጁን ነው! "ተከተሉኝ!" አልኩ። ሰማያዊ ካባዬን ደረብኩ፤ ከምንጯ አንድ ቅል ውሃ አስቀዳሁ። ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ዶቶሬው ቢሮ ገባሁ። ከኋላዬ አያ ጅግሶም ነበሩ።

እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ስለ ውሃ፣ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ግፍ፣ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ሽማግሌዎቹ "አበጀህ!" ይላሉ። አስተርጓሚው ላቡን ጠረገና ነገሬን ሁሉ በሦስት ቃል ጨረሰው።

"የቀረውስ?" አልኩት።

"የቀረው ያሳስርሃል" አለኝ በጆሮዬ።

ዶቶሬው ቅሉን አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደ። ከጋራዡ ሦስት ጠርሙስ አስመጣ፤ በአንዱ ቤንዚን፣ በአንዱ ናፍጣ፣ በአንዱ ዘይት አለ። አሽትታችሁ ምንጯ ውስጥ የገባው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ አለ። ሽማግሌዎቹ በየተራ አሸተቱ። አንዱ "ይኸኛው ነው"፣ አንዱ "ይኸኛው ነው"፣ የክርስትናው አባት ደግሞ "ሦስቱም ናቸው!" አለ። አያ ጅግሶ ጠርሙሶቹን አሸተቱ፤ ቅሉን አሸተቱ፤ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ።

ተራው የእኔ ሆነ። ናፍጣውን አሸተትኩ። ቅሉን አሸተትኩ። ነጋዴ የገዛ ዕቃውን ሽታ ይስታል? አምስት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ያደረ፣ ጥሩነሽ "ትራስዎ ሳይቀር ሸተተ" የምትልብኝ ላምባ ነው። ጉብታዋና ጉድጓዱ፣ የገበያው ሰልፍ፣ ምንጯ፣ የብርቄ ፌጦ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ።

ምን ያልኩ ይመስላችኋል? "ናፍጣ ነው! ይኸው፣ ናፍጣ!" ብዬ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

ዶቶሬው ይመረመራል አለ። እኛ በእልልታ ተመለስን። ጣሊያንን ፊት ለፊት የተናገረ ወንድ እየተባለ ትከሻዬ ተመታ፣ ግንባሬ ተሳመ። ሴቶች መንገድ ዳር ወጡ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ክብር በዚያች ሰዓት ተሰጠኝ፤ ያውም በውሸት። አያ ጅግሶ ቀስ ብለው አጠገቤ ደረሱ።

"ጌታው፣ ዝንብ ሞተ?" አሉኝ።

ዶማቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እቤት ስገባ ብርቄ ከንፈሯ ደርቆ "ውሃ" ትላለች። ጥሩነሽ ቅሉን አፏ ላይ ልታደርግላት ስትል ዘልዬ በእጄ መታሁት። ቅሉ ወድቆ ተሰበረ። ልጅቷ አለቀሰች። ጥሩነሽ ያበድኩ መስሏት ወደ ኋላ አለች። እኔም ያለሁበት ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉድጓዱን፣ ላምባውን፣ ጠርሙሱን፣ ውሸቴን። ስጨርስ የቅሉን ስባሪ ከመሬት ለቀመች።

"ለእኔ የነገሩኝን ለሰፈሩ ይንገሩ" አለች።

"እናገራለሁ። ነገ፣ ሰው በረድ ሲል…"

"እስከ ነገ ስንት ልጅ ይጠጣ?"

ካባዬን ጥዬ ወጣሁ።

የሄድኩት ወደ ሶንጎ ነው። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ስፍራ ነው። አያ ጅግሶ መምጣቴን ያወቁ ይመስል ከጎናቸው ቦታ ትተውልኛል። የሰፈሩም ሰው ገና በድሉ ሞቅ ብሎት ነበርና ተከትሎኝ መጣ፤ ሌላ ንግግር የማደርግ መስሎታል። ቆሜ ተናገርኩ። ይሄኛው ንግግር አጭር ነበር።

ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ ታስብ ጀመር።

"ቆይ እስቲ… እንግዲያ እኛ ስንጠጣ የከረምነው…"

"አትጨርሽው!" አሉ ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ።

"በገበያ ቀን የተሰለፈው ሁሉ…?"

"እባክሽ በማርያም!"

ቄሱ ተፉ። አንዱ ተነሥቶ ዛፉን ዞረ። የክርስትናው አባት ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የአጥር ጀርባ ሰላምታ ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ይህ የመጀመሪያችን ነው። "እኔ እኮ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ጣሊያን ፊት 'ሦስቱም ናቸው' ብያለሁ" አለ፤ የሚያሳዝን ድምፅ ነበር። ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ ከወደ ኋላ አንዱ ፈነዳ፤ ሳቁ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ከመመታት ይሻላል አልልም።

ፍርዱን የተናገሩት አያ ጅግሶ ናቸው። ሽንት ቤቱን አፍርሼ ጉድጓዱን ራሴ በአመድና በአፈር እንድደፍን፣ ምንጯ እስክትጠራ ድረስም ማንም ከእሷ እንዳይቀዳ ተባለ። ልጅ የታመመበት ቤት ሁሉ ደግሞ ውሃ እኔ እንዳመላልስ ተፈረደ። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከቡናው ውስጥ ካለችው ምንጭ፤ የሚመጣው በእንስራ፤ የሚሸከመው እኔ በጀርባዬ!

"ወንድ ልጅ እንስራ አይሸከምም!" አልኩ።

"ወንድ ልጅ ምንጭ አያበላሽም" አሉ አያ ጅግሶ። ሶንጎው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ የዲላ ሴቶች አንድ ባለሱቅ ጎንበስ ብሎ እንስራ ሲታዘል አዩ። ገመዱን ደረቴ ላይ ያሰሩልኝ እነሱ ናቸው፤ እያሰሩ ይሞቱ ነበር በሳቅ። የመጀመሪያውን ቀን ግማሹ ውሃ ጀርባዬ ላይ፣ ግማሹ ጫማዬ ውስጥ ደረሰ። ሁለተኛውን ቀን ከነእንስራዬ ወደቅሁ። በሳምንቱ ግን ጠብታ አታመልጠኝም ነበር። ወገቤን እንዴት እንደማጥፍ፣ ቁልቁለቱን በየትኛው እግር እንደምጀምር አወቅሁ። ሴቶቹ ይህን ሸክም በየቀኑ ተሸክመው ሲያልፉ ሱቄ በር ላይ ቆሜ "ደህና አደራችሁ" ስል የኖርኩ ሰው፣ ደህና አለማደራቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጥሩነሽም ያመጣሁትን ውሃ እያፈላች፣ እያቀዘቀዘች ለብርቄ በትንሽ በትንሹ ትሰጣታለች።

አንድ ቀን ጠዋት እንስራዬን አዝዬ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ስመለስ ጓሮዬ ውስጥ ዶቶሬው ቆሟል። ከጎኑ ደረቱ በኒሻን የተሞላ አለቃው አለ። ለካ ያን የተደነቀ ላትሪና ሊያሳየው አምጥቶታል! ጉብታዋ ላይ ግን አያ ጅግሶ የተከሏት የእንሰት ችግኝ እንጂ ሌላ የለም። ዶቶሬው ጉብታዋን አየ፣ ችግኟን አየ፣ እኔን ከነእንስራዬ አየ።

"ላትሪናው የታለ ይላል" አለ አስተርጓሚው።

እንስራዬን አላወረድኩም። "ጋራዡ ንጹሕ ነው። ምንጯን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ናፍጣ ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ" አልኩ።

አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መሰለ። "ይህንንም ልተርጉመው?"

"ሁሉንም ተርጉመው። ቀጥለህም በለው፦ ጉድጓድ ቆፍሩ ብላችሁ አዘዛችሁ፤ ከየት በላይ፣ ከየት በታች እንደሚቆፈር ግን እናንተም አላወቃችሁም። እኔ የሚያውቅ ሰው ነግሮኝ አልሰማሁም። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።" በአጥሩ በኩል ቆመው ወደሚያዩን ወደ አያ ጅግሶ አመለከትኩ።

እታሰራለሁ ብዬ ነበር። ዶቶሬው ግን ከአለቃው ፊት እንደ ሚጥሚጣ ቀልቶ አንድ ነገር ተናገረ። "እንዲያሳዩት ይለምናቸዋል" አለ አስተርጓሚው። ይለምናቸዋል! አያ ጅግሶ ዱላቸውን አነሡ። ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች ዞሩት። እዚህ ይቆፈር፣ እዚህ አይቆፈር፣ ከዚህ ሥር ውሃ ትሄዳለች፣ ይህ አፈር ውሃ ይይዛል እያሉ በዱላቸው ምልክት አደረጉ። ያ አገር የያዘ ሰው እርሳሱንና ወረቀቱን ይዞ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ሽማግሌ ኋላ ኋላ እየተከተለ ይጽፍ ነበር። እኔ ከነእንስራዬ ቆሜ አየሁ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኩራቱ ደግሞ የእኔ አልነበረም፤ የአያ ጅግሶ፣ የሰፈሩ፣ የጉድጓድ ቦታ እያወቀ የሚኖር አገር ኩራት ነበር። "አንቱ" ማለት የጀመርኳቸውም ከዚያ ቀን ነው። "ምነው፣ ጌታው፣ ታመምክ?" ብለው ሳቁብኝ።

ክረምቱ ወጣ። ሰፈሩ ምንጯን ጠረገ፣ ድንጋይ ደረደረላት፣ አጠራት። ሽታው ጠፋ፣ ውሃው ጠራ። ግን ማንም አልጠጣም። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ እኔን ያዩኛል፣ ይሄዳሉ። ሶንጎ እንደገና ተቀመጠና ቀዳሚው ጠጪ ማን እንደሆነ ለመወሰን አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ሰፈሩ በሙሉ ከብቦኝ አንድ ቅል ሙሉ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። አያ ጅግሶ ሳይባሉ ሁለተኛውን ቅል ተቀብለው ከእኔ ቀጥለው ጠጡ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ የሰፈሩ ጉዳይ የእኔ ሆድ ሆነ። ሰው "እንዴት አደርክ" ማለቱን ትቶ "ሆድህ እንዴት አደረ?" ይላል። ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ጎራ ብለው ጠየቁኝ። ተቀምጬ ብድግ ስል የክርስትናው አባት ተከትሎኝ ይነሣል፤ ወዴት እንደምሄድና ምን ያህል እንደምቆይ ይቆጥራል። ስቄ እንኳ ሆዴን ብይዝ ሴቶቹ "ወይኔ!" ብለው ይበተናሉ። እኔም ሆዴን አዳመጥኩት። በሕይወቴ የሰፈር አደራ የተቀበልኩት በዚያ ሆዴ ነው፤ አላሳፈረኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጥሩነሽ እንስራዋን አዝላ ወጣች። ልውሰድልሽ ብላት እምቢ አለች። ስትመለስ ከምንጯ የቀዳችውን ውሃ በአዲስ ቅል ቀድታ ብርቄ ፊት ቆመች። ብርቄ ሥጋ መልሳለች፣ ድምፅዋም ተመልሷል፤ ግን ያ ክረምት ከሁለታችንም ልብ አልወጣም። ጥሩነሽ ዞር ብላ አየችኝ። ሆዴን አይደለም፣ ዓይኔን ነው ያየችው።

"ይጠጣል?" አለችኝ።

"ይጠጣል" አልኳት።

ብርቄ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። አፏን በቀሚሷ ጠረገችና ባዶውን ቅል ወደ እናቷ ዘረጋች።

"ድገሚኝ" አለች።